ደህና ነው ያልኩበት ሐሙስ

ውድ ሎንዞ፣

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ናፍቀኸኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ጭንቅ ይዞኛል። የፊታችን ቅዳሜ ኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ማልያህን ሊሰቅልልህ ነው፤ አስራ አንድ ቁጥርን ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። ከጨዋታው በፊት ሜዳው መሀል ማይክሮፎን ይቆማል፣ እናትህ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ንግግር የማደርገው ደግሞ እኔ ነኝ። ግብዣው ላይ "የቅርብ ጓደኛውና ቦታውን የተካው ዌንደል ታክ" ብለው ጽፈውኛል። ወረቀቱን ሳነበው ሱቅ ውስጥ የመኪና ጎማ እየፈታሁ ነበር። ቦታውን የተካው የሚለው ላይ ስደርስ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

ስለዚህ ለሕዝብ ከመናገሬ በፊት ላንተ ልናገር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

ያን ኦክቶበር አትረሳውም። በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ተሸንፈን፣ አንተም፣ ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባካችን፣ በአንዱ ብቻ ሦስት ኳስ ለተጋጣሚ ወርውረህ፣ ካርሜት ከተማ ሌላ ወሬ ጠፋባት። "ዌንደል ሎንዞን መተካት ይችላል ወይ?" ፀጉር ቤት ይኸው፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ይኸው፣ ካትፊሽ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ይኸው። ማክሰኞ ከሰዓት ደግሞ ሬዲዮው የስልክ መስመሩን ሲከፍት የሰፈሩ ሰው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኖ ይውላል። ኳስ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው የእኔን ክንድ ካንተ ክንድ ጋር ሲያመዛዝን እኛ መኝታ ክፍላችን ተጋድመን እያዳመጥን እንስቅ ነበር። "እንግዲህ መተካቴ ካልቀረ የታችኛውን አልጋ ልልቀቅልህ" ትለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ሰውዬ ደወለ። "ቀጣዩ ደዋያችን ሌስተር ይባላሉ፣ ከግሪንዴል" አለ አቅራቢው። ሌስተርም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

"እኔ የማንም ዘመድ አይደለሁም። ልጁንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን ያ የታክ ልጅ ጭንቅላት አለው፤ ክንድ ብቻ አይደለም። ጭንቅላት ያለውን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ኳስ የሚያባክነውን ታሰልፋላችሁ። ኋላ እንዳትቆጩ፣ ነገርኳችሁ።"

ከጀርባው የጎማ መንፊያው ሞተር ይንደቀደቃል። ውሻ ይጮሃል። ሌስተርም ስልኩን ሳያርቅ "ዱክ፣ ዝም በል አንተ" አለ። በዚህ ከተማ አባቴ ጎማውን ያልለጠፈለት፣ ዱክም ያልጮኸበት ሰው አልነበረም። አንተ ከአልጋ ወርደህ ወለሉ ላይ ተንከባለልክ። እንባህን እየጠረግህ "ይሄ ሌስተር የሚሉት ሰው ውሻውን ከአባትህ ነው እንዴ የገዛው?" አልከኝ።

አንተ ሳቅህ፤ እኔ ግን ሞትኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት የእኔ ነገር ነው። በማግስቱ ስሜ ሌስተር ሆነ። መልበሻ ክፍል ስገባ እነዚያ ወይፈን የሚያካክሉ ተከላካዮች ከወንበር ይነሱልኛል፤ "ለሌስተር ቦታ ልቀቁ፣ አባቱ ይደውላሉ" ይላሉ። ጫማህን ለማሰር ጎንበስ ካልክ "ሎንዞ ቀና በል፣ ሌስተር ከኋላህ ነው" ይሉሃል። አባቴን ሄጄ ብጮህበት "እኔ አልደወልኩም" ብሎ ድርቅ አለ። ዱክ አጠገቡ ተኝቷል። የዚያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ በቃልም በዓይንም ቦታህን የምፈልግ እንዳልመስል። የሁሉ ነገር መነሻ ይህ መሐላ ነው።

የእኔ ሥራ አንተን ማየት ነበር። ኮፍያዬን አድርጌ ሜዳው ጠርዝ ላይ እቆማለሁ፤ አሰልጣኙ በጆሮዬ ይነግረኛል፤ እኔ በእጄ ለአንተ አስተላልፋለሁ። ጆሮዬን ከነካሁ ሩጫ ነው፣ ክርኔን ከነካሁ ረጅም ውርወራ። አንተ ደረትህን ነካ ታደርጋለህ፤ ገብቶኛል ማለትህ ነው። በአንድ ጨዋታ ስድሳ ሰባ ጊዜ ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ሃያ ሺህ ሰው ኳሱን ሲከተል ያንተን ፊት የሚያየው አንድ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አላየሁም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ የወደቅህ ቀን፣ ያ ግዙፍ ልጅ ከኋላ መጥቶ ሲጥልህ፣ ራስህ መሬቱ ላይ ሁለቴ ነጠረ። ቶሎ ተነሳህ፤ ሕዝቡ አጨበጨበልህ። እኔ ጆሮዬን ነካሁ። አንተ ደረትህን ነካህ። ከዚያ ግን ለጓዶችህ ያለፈው ዓመት የጣልነውን ስልት ጠርተህ ሁሉም እየተጋጨ ተበታተነ። ወደ ጠርዙ ስትመጣ ጠጋ ብለህ "ዌንደል፣ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?" አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም።

እሑድ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ አስመለስህ። ሰኞ ብርድ ልብስህን መስኮቱ ላይ ቸነከርህ፤ ብርሃን ዓይንህን ይወጋህ ነበር። ማክሰኞ ቁልፍህ በእጅህ ሆኖ ቁልፍህን ስትፈልግ አየሁህ። "ለማንም እንዳትናገር" አልከኝ፤ "አንድ ሳምንት ነው፣ ይለቀኛል። አንዴ ወንበር ላይ ካስቀመጡኝ አበቃልኝ።" እኔም "ለማን ልናገር? እኔ እኮ ሌስተር ነኝ" አልኩህ። ሁለታችንም ሳቅን። አብረን የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ የባሰውን አደረግሁ። ምልክቶቹን መያዝ እንዳቃተህ ሳይ አስራ ሁለት ስልቶች መርጬ በወፍራም ቀለም ወረቀት ላይ ጻፍኩልህና የእጅ አንጓህ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ውስጥ ከተትኩልህ። እኔ በጣቶቼ ቁጥር አሳይሃለሁ፣ አንተ አንጓህን አይተህ ታነባለህ። ለአሰልጣኙ "እንዲህ ይፈጥናል" አልኩት። "ይሄ ልጅ አንድ ቀን አሰልጣኝ ይወጣዋል" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አየህ፣ መታመምህን መደበቅ ብቻ አይደለም፤ መደበቂያውን በእጄ ሠርቼ አሰርኩልህ።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ወጌሻው ሚስተር ዶይል ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ፎጣ እያጠፉ ነበር።

"ና እስቲ ወዲህ። አንድ ክፍል ነው አይደል የምታድሩት?"

"አዎ፣ ሚስተር ዶይል።"

"ሎንዞ ምን ሆኗል? ዓይኑ ደስ አላለኝም። እሱን ብጠይቀው ጉንፋን ነው ይለኛል። እኔ እንኳ በጉንፋን የሚንገዳገድ ሰው አላየሁም።"

ፎጣውን አስቀመጡ።

"ስማኝ ልጄ። ደህና አይደለም ካልከኝ ቅዳሜ ይቀመጣል፤ አለቀ። ያንተን ስም አላነሳም። ደህና ነው ካልከኝም አምንሃለሁ፤ ካንተ የበለጠ የሚያየው የለም።"

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ልጆች ጫማቸውን እየፈቱ ነው። አንደኛው ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገና "ሌስተር፣ ለቦታው ማመልከቻ እያስገባህ ነው?" አለኝ። ሌላው ሳቀ።

"ደህና ነው" አልኳቸው። "መጫወት ይፈልጋል።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ደህና ነው፣ ሚስተር ዶይል።"

ትንሽ አዩኝና ወደ ፎጣቸው ተመለሱ። ይኸው ነው። ሰው ለመግደል ቢላ አያስፈልግም፤ ሁለት ቃል ይበቃል።

አሁን እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፤ ለማንም ያልነገርኩትን። ሰው ቢሰማ "ቦታውን ፈልጎ ነው" ብሎ ይፈርድብኛል፣ ወይም "ምስኪን፣ ለጓደኛው አደራ ታምኖ ነው" ብሎ ያዝንልኛል። ሁለቱም አይደለም። ቦታህን እፈልገው ነበር፤ እንዴት እንደምፈልገው ባወቅህ። ከአልጋህ በላይ ተኝቼ በዓይነ ልቦናዬ ያንተን ማልያ ለብሼ ስንት ጊዜ ሜዳ ገብቻለሁ። ባልፈልገው ኖሮ ለሚስተር ዶይል ያለ ሐሳብ "ታሟል" እላቸው ነበር። መፈለጌ ስላሳፈረኝ ነው ዝም ያልኩት። ራሴን ከእፍረት ለማዳን አንተን አሳልፌ ሰጠሁህ።

ቅዳሜ ደረሰ። የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት ቀን ነበር። ቀይ የለበሰ ሕዝብ፣ ባንድ፣ የተቀቀለ ኦቾሎኒ የሚያዞሩ ሴቶች። እስከ እረፍት ድረስ በጣቴ ቁጥር እያሳየሁህ፣ አንተም አንጓህን እያየህ እንደምንም ተጫወትን። ከእረፍት በኋላ ግን አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞርክና ቆምክ። እጅህን አነሳህ። ሄልሜትህን አናቱ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግህ።

ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሯጩም፣ ተከላካዩም ሲደክመው ያደርገዋል፤ "አውጡኝ" ማለት ነው። ኳርተርባክ ግን አያደርገውም። እኔ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ለዚህም ነው ማንም ያላስተዋለው፤ አሰልጣኙ ወረቀቱን ያይ ነበር፣ ሕዝቡ ኳሱን። እኔ ግን አየሁህ ሎንዞ። ዓይንህ ዓይኔ ላይ ነበር። ሄልሜቱ ጠብቆህ እያስተካከልከው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለግማሽ ደቂቃ እንኳ አላመንኩትም። ዞር ብዬ ለአሰልጣኙ "ሎንዞ አውጡኝ እያለ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። ቀጥሎ የሚሉኝ ደግሞ "አንተ አሟሙቅ፣ ልትገባ ነው" መሆኑን አውቃለሁ። ከኋላ ወንበሩ ላይ የሚሳቀውን ሳቅ ገና ሳይስቁት ሰማሁት።

አፌን ዘጋሁ። አራት ጣቶቼን አነሳሁልህ።

አንጓህን ረጅም ጊዜ አየህ። ከዚያ ደረትህን ነካህ። ገብቶኛል አልከኝ።

የነካህ ልጅ ብዙም አልነካህም። ትከሻው ገፋ አደረገህ፣ በቃ። እንደ ሌላው ጊዜ ትነሳለህ ብለን ጠበቅን።

አምቡላንሱ ገና የሜዳውን በር ሳይወጣ እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ሄልሜት አጠለቅሁ። ሕዝቡ ለአንተ አጨብጭቦ ሳይጨርስ ለእኔ ቀጠለ። የመጀመሪያ ኳሴን ወረወርኩ፤ ሄዳ ሄዳ በእኛ ልጅ እጅ ገባች። ስሜን ይጠሩ ጀመር። አሸነፍን። ይህንንም ልንገርህ፣ ምንም አልደብቅህ፤ ለአስር ደቂቃ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ዓይንህን ሳትገልጥ አረፍክ። ሐኪሙ የመጀመሪያው የጭንቅላት ጉዳት ሳይድን ሁለተኛው ስለደረሰበት ነው አለ።

በሬዲዮ ግን ቅዳሜውኑ፣ ገና ሬሳ ሳትሆን፣ አቅራቢው "እንግዲህ ጥያቄው ተመልሷል" ብሎ ነበር። አዎ ተመልሷል። መተካት እችል ነበር። የዚያን ዓመት የቀሩትን ጨዋታዎች ሁሉ ተጫወትኩ፣ ከሁለት በስተቀር ሁሉንም አሸነፍኩ። ከዚያ ኳስ በእጄ አልነካሁም። አባቴ ሰኞ ዕለት የሱቁን ሬዲዮ ከመሰኪያው ነቀለ። እስኪሞት ድረስ አልሰካውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጎማ እያገላበጠ ሳያየኝ "ያ ልጅ በእኔ ምክንያት ነው?" አለኝ። "ኧረ ተው አባዬ፣ አንተ ምን አደረግህ" አልኩት። ሱቁ አሁን የእኔ ነው። ሬዲዮው አሁንም መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል።

ግብዣው ከመጣ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናትህ ፊት ቆሜ "የቅርብ ጓደኛው" ስባል ታየኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄድኩ። ሚስ ኤርሊን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጣቶቻቸው ይሠሩበት በነበረው ዓሣ ፋብሪካ ቢላ ጠባሳ በጠባሳ ሆነዋል። ሻይ በበረዶ ቀዱልኝ። ቁጭ አልኩና የሐሙሱን ነገር ነገርኳቸው። ሚስተር ዶይል የጠየቁኝን፣ እኔም የመለስኩትን። ይጮሁብኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር።

ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አዞሩት፣ አዞሩት።

"ሐሙስ ነው ያልከኝ?" አሉ።

"ሐሙስ፣ ሚስ ኤርሊን።"

"ሐሙስ እኔ ጋም ደውሏል። ሥራ ቦታ ነው የደወለው፤ ደውሎ አያውቅም ነበር። 'እማዬ፣ ራሴ እምቢ አለኝ። ይህን ቅዳሜ ልረፍ መሰለኝ' አለኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ደገመልኝ፣ ቅድም እንዳላለኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።"

"ሚስ ኤርሊን..."

"ቆይ ልጨርስ። ፋብሪካው ውስጥ ሴቶቹ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ዓሣ እየቆረጥን ያን ሌስተር ነኝ ባይ ሰማሁት እኮ፤ የአባትህን ድምፅ አጣሁት እንዴ? የመኪናዬን ጎማ ስንት ጊዜ ለጥፈውልኛል። ስለዚህ ምን አልኩት መሰለህ ልጄን? 'ሞተህ ትገኛለህ እንጂ አታርፍም' አልኩት። 'ያ የታክ ልጅ አንዴ ቦታህ ላይ ከተቀመጠ አይነሳልህም' አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ በዚሁ አፌ። 'እሺ እማዬ' አለኝ።"

ሎንዞ፣ ለካ አንተን ከሁለት በኩል ነው የያዝንህ። እኔ ቦታህን የምፈልግ እንዳልመስል፣ እሳቸው ቦታህን እንዳልወስድ። ሁለታችንም አንተ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ አፍጥጠን ነበር።

ከዚያ እጄን ያዙኝ። እጃቸው በበረዶው ብርጭቆ ቀዝቅዟል።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም። አንተ እኮ ስታየው ነው የዋልከው። ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ላይ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር አይደል? ወድዶ ነበር የሚጫወተው? ወይስ እኔ ስላልኩት ብቻ ነው?"

የሄልሜቱን ነገር ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አፌ ላይ ደርሷል። ዓይናቸውን አየሁት።

"ደህና ነበር" አልኳቸው። "መጫወት ይፈልግ ነበር።"

ለሚስተር ዶይል የሰጠሁትን ያንኑ ቃል። ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ እንዳለ ወጣ። ሚስ ኤርሊን ዓይናቸውን ጨፈኑና "ተመስገን" አሉ። እጄን ግን አለቀቁም። ምሕረት አድርጌ ይሆን፣ ወይስ ዳግመኛ አፌን ዘግቼ? እየነዳሁ ስመለስ አሰብኩት፣ ይኸው ዛሬም አላወቅሁትም።

ቅዳሜ እቆማለሁ። ስለ ክንድህ እናገራለሁ፤ ስለ ሳቅህ፣ ስለ ታችኛው አልጋ። ሌስተር ስለሚባለው ሰውዬም እነግራቸዋለሁ፣ ይሳቁበት፤ አባቴም አይቀየምም። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከመልቀቄ በፊት እጄን አናቴ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደርጋለሁ። የኳስ ሰው የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይገረም ይሆናል፤ ይገረም። እናትህ ግን ምልክቱን አያውቁትም። ከጨዋታው በኋላ "ያ ምንድን ነው ልጄ?" ብለው ከጠየቁኝ አልዋሽም። ይህን ላንተ ቃል እገባልሃለሁ። እንዲጠይቁኝ እጸልያለሁ፤ እንዳይጠይቁኝም እፈራለሁ።

ብርድ ልብስህ እኔ ጋ ነው። የምስማሩ ቀዳዳ እስካሁን አለበት።

አውጣኝ ስትለኝ ያላወጣሁህ ተጠባባቂህ፣
ዌንደል ታክ